አትንኩ

በራሷ ቋንቋ የከተማዋ ስም «ጀልባ» ማለት ነው፤
ወንዟን ግን ከአስፋልት ሥር ቀብራዋለች።
ዉች ትባላለች። ኅዳር ነበረ።
ዝናቡ ሲበረታ፣ ትራሙ ሲዘገይ
ልጠለል ብዬ ገባሁ እንጂ
ጥበብ ፍለጋ አልነበረም፤ አልዋሽም።

ቀይ ጡብ። አራት ፎቅ። የጭስ ማውጫው ጭስ የለውም፤
ርግብ ያድርበታል።
ትኬት ቆርጬ በብረቱ ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ
ከጣሪያ የተንጠለጠለ አንድ ነገር ጠበቀኝ፦
ቀይ፣ ከባድ፣ እንደታረደ በሬ ቆዳ የተዘረጋ፣
ወይም ባለቤቱ ትቶት የሄደ ካፖርት፣
ለማን ቁመት እንደተሰፋ እግዜር ይወቀው።
ግድግዳው ላይ እንዲህ ይላል፦
«ርዕስ የለውም። ቃጫ፣ የፈረስ ጭራ፣ ያረጀ የመርከብ ገመድ።»
ከሥሩም በአራት ቋንቋ፦ «አትንኩ።»

እጅ ግን ማንበብ አይችልም።
ጣቶቼ ከኪሴ ሊወጡ ሲሉ
አንዲት ሴት ከጥግ ወንበሯ ተነሣች፤
ሰማያዊ ጃኬት፣ ደረቷ ላይ ስሟ፦ ቦጉሚዋ።
«ገና ሳትነካው አየሁህ!» አለች፣
ጮክ ብላ፤ አዳራሹ በሙሉ ዞረ።
ሃያ ስድስት ዓመት በመኪና ጩኸት የኖረ ጆሮ
ሹክሹክታ ምን እንደሆነ ረስቷል።

«እዚህ ነበርኩ» ወለሉን በጫማዋ መታች፤
ዘይት የጠጣ ጣውላ፣ ስንቴ ተወልውሎ ያልለቀቀው።
«ዘጠነኛው መስመር። ስድስት መኪና ለአንዲት ሴት።
የምናወራው በከንፈር ነበር፣ ያለ ድምፅ፤
ማን አረገዘች፣ ማን የሥጋ ወረፋ ላይ ተደባደበች፣
ወሬው ከዳር ዳር ይደርሳል፣
‹አለቃው መጣ› እስክንባባል።
እስከ ዛሬ አውቶቡስ ስጠብቅ
ከመስታወት ማዶ የሚጣሉ ባልና ሚስት አነባለሁ።
ነውር ነው። ምን ላድርግ?»

ፋብሪካው እንዴት እንደተዘጋ አልነገረችኝም።
«አንድ ሰኞ ውሉ ተበጠሰ» አለች፣ ይኸው ነው፤
የክሩን ይሁን የሥራውን አልጠየቅኋት።

ወደ ቀዩ ነገር ወሰደችኝ።
ከታች፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣
አንድ ማግ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፤
በሩ በተከፈተ ቁጥር ይወዛወዛል።
«ይሄን በመጀመሪያው ሳምንት ቋጠርኩት።
የሸማኔ ቋጠሮ፤ ዐይኔን ጨፍኜ፣ በሦስት ሰከንድ።
በማግስቱ ተፈትቶ አገኘሁት።
ደግሜ ቋጠርኩ። ደግመው ፈቱ።
በሦስተኛው የሠራችው ልጅ ራሷ መጣች፣
ያግና የምትባል፣ ፀጉሯን የተላጨች፤
አልተቆጣችም፤ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።
‹እማማ፣ ሥራው እሱ ነው፣ ብጣሹ።
ይሄ ሁሉ መቶ ኪሎ
እሱን ለማንጠልጠል ነው የተሠራ› አለችኝ።»

ቦጉሚዋ ሳቀች፤ ወይም ሳለች፣ አልለየሁም።
«ለእኔማ፣ ለአንድ ብጣሽ ክር
ከደመወዜ ይቆርጡ ነበር።»

መብራቱ ሁለቴ ብልጭ አለ፤ የመዝጊያ ሰዓት።
ካፖርቴን ስቆልፍ ዐይኗ እጅጌዬ ላይ ቀረ፤
ከቁልፉ ሥር አንድ ክር ወጥቷል፣
ለወራት ይዤው ስዞር ያላየሁት።
አላስፈቀደችኝም።
አንጓዬን ያዘች፣ ጎንበስ አለች፣
በጥርሷ ቀጨችው፤
ትንፋሿ ሞቀኝ።
«ይሄ እንኳ ጥበብ አይደለም» አለች።

ደረጃው እኩሌታ ላይ ዞር ስል
ከቀዩ ነገር ፊት ቆማለች፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፤
የእጅጌዬን ክር በጣቷ ላይ
ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች፣ ትጠመጥማለች።
ከመስኮቱ መስታወት ውስጥ ፊቷ ይታየኛል።
ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ያለ ድምፅ፣
ዘጠነኛው መስመር ላይ ላለ ሰው።

ቆሜ አየሁ። ማንበብ አልቻልኩም።